በርና ሊፍት በአንጎል ሞገድ፦ ሚዩዝ፣ ኢፖክ ኤክስ ወይስ ዩኒኮርን?

እጅና እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው የአንጎል ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት ሞገዱን የሚቀበሉት ዳሳሾች ጭንቅላት ላይ የት እንደሚያርፉ እዩ። በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ስክሪኑ ላይ «በር»፣ «ሊፍት»፣ «መብራት» የሚሉ ምልክቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አንዱ በሰከንድ 8 ጊዜ፣ ሌላው 10፣ ሌላው 12። ሰውየው የፈለገውን ትኩር ብሎ ሲያይ፣ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል በዚያው ፍጥነት ይመታል፤ ኮምፒዩተሩም ከፍጥነቱ የትኛውን እንደመረጠ ያውቃል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ግን ብልጭታው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ራስ ላይ ከሚታሰሩት ከሦስቱ መሣሪያዎች ሚዩዝ ዋጋው ቀለል ይላል፤ 4ቱ የሞገድ ዳሳሾቹ ግን ግንባር ላይና ከጆሮ ጀርባ ናቸው። ለሜዲቴሽን ይሁን፤ ለበር አትግዙት።

ኢፖክ ኤክስ 14 ዳሳሽ አለው፣ ሁለቱ ብቻ ከኋላ። በጨው ውሃ ይርሳሉ፣ ሲደርቁ ንባቡ ይበላሻል፤ ስለዚህ አጠገብ የሚያርስ ሰው ይፈልጋል። ብቻዬን ልውጣ ልግባ ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ዩኒኮርን ሃይብሪድ ብላክ 8 ብቻ ነው ያለው፤ 3ቱ ግን የሚፈለጉበት ቦታ፣ ከኋላ ናቸው። በደረቁም በጄልም ይሠራል። ከሦስቱ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ሻጮች የማይነግሯችሁ የፀጉር ነገር አለ። ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ፀጉር ዳሳሹን ከቆዳው ያርቀዋል። ሹሩባ ሲሠራ፣ በመስመሮቹ መሃል ቆዳው ይገለጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሹሩባውን ተደግፎ የሚቆም ዳሳሽ ሠርተው አሳይተዋል። መስመሩ ግን ዳሳሹ በሚያርፍበት በኩል ይውጣ።

ጭንቅላት ውስጥ የሚቀበረውን የኒውራሊንክ ኩባንያን ቺፕ ለምትጠይቁ፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተተከለ እንጂ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ብልጭታውን ለመምረጥ ዓይን መንቀሳቀስ አለበት። ዓይኑ ከታዘዘለትማ የዓይን መከታተያ ካሜራ ያንኑ ሥራ ራስ ላይ ምንም ሳይታሰር ይሠራል፤ አይፎን እንኳ አይኦኤስ 18 ከተባለው የስልኩ ሶፍትዌር ወዲህ ይህን በነፃ ይዞ መጥቷል። አንድ ጣት ወይም አገጭ የሚንቀሳቀስለት ደግሞ ተራ የሚጫን ቁልፍ ይበቃዋል። የሞገድ መሣሪያ የሚያዋጣው እነዚህ ሁሉ እንቢ ላሉት ነው፤ ለእርሱም በብልጭታ ምትክ ንዝረት ወይም ድምፅ እየሰጠ የአንጎሉን ምላሽ የሚያነብ ሶፍትዌር ፈልጉ።

የትኛውንም ብትመርጡ በሩ ሞተር ከሌለው፣ የሊፍቱ ድርጅትም የጥሪ ቁልፉ ላይ ሽቦ ማስገባት ካልፈቀደ አይሠራም። ገንዘቡን ሳትከፍሉ እነዚህን ሁለቱን ጨርሱ።