ሎንግሆርን በሦስት ሰርቨር ላይ፦ የኩበርኔቲስ ማከማቻ አማራጮች ግምገማ

ካዛንቺስ በሚገኘው ቢሯችን ሦስት ሰርቨሮችን አያይዘን ኩበርኔቲስን (መተግበሪያዎችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሠራና የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ማሠራት ከጀመርን ወዲህ ከሁሉም በላይ ያስቸገረን የመተግበሪያዎቹ መረጃ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ነበር። ኮንቴይነር (መተግበሪያው የሚሠራበት የተከለለ ጥቅል) ሲጠፋ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ስለሚጠፋ፣ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ከኩበርኔቲስ የራሱ አማራጮች ኤምፕቲዲር የሚባለው ባዶ ፎልደር ፖዱ (አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንቴይነር የሚይዘው አሃድ) እስካለ ድረስ ብቻ ስለሚቆይ ለጊዜያዊ ፋይል ይበቃል። ሆስትፓዝ ደግሞ የሰርቨሩን ፎልደር በቀጥታ ለፖዱ ስለሚሰጥ ቀላል ይመስላል፤ እኛም የጀመርነው በእርሱ ነው። አንድ ቀን ምሽት 1 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የአንደኛው ሰርቨር ዩፒኤስ አልቆየም። ኩበርኔቲስ በነባሪ አሠራሩ 5 ደቂቃ ከጠበቀ በኋላ ፖዱን በሌላ ሰርቨር ላይ አስነሣው፤ ፋይሎቹ ግን በጠፋው ማሽን ዲስክ ላይ ቀርተው ስለነበር፣ ደንበኞች የሚልኳቸው የደረሰኝ ምስሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ማሽኑ ሲነሣ ምስሎቹ በቦታቸው ተገኙ፤ ያም ሆኖ ከዚያች ምሽት በኋላ ሆስትፓዝን ለደንበኛ መረጃ አልተጠቀምንበትም።

አሁን የምንሠራበት ሎንግሆርን በራንቸር ላብስ ኩባንያ የተጀመረና እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን (ኩበርኔቲስን የመሳሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮችን የሚያስተናግድ ድርጅት) የገባ ነጻ የማከማቻ ሶፍትዌር ነው። የእያንዳንዱን ቮሊዩም (ለመተግበሪያ የሚሰጥ የማከማቻ ክፍል) ቅጂ በተለያዩ ሰርቨሮች ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንዱ ሰርቨር ቢጠፋ መረጃው በሌሎቹ ላይ ይገኛል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ አነስተኛ ቡድን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አይታየኝም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በሦስት ቅጂ ሲሠራ 100 ጊጋባይት የሞላ ቮሊዩም 300 ጊጋባይት ዲስክ ይወስዳል። መተግበሪያው የጻፈው ነገር ሁሉም ቅጂዎች ጋ እስኪደርስ ስለሚጠበቅም የኔትወርኩ ፍጥነት ወሳኝ ነው፤ የእኛ ባለ 1 ጊጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው፣ ያንንም መተግበሪያዎቹ ይሻሙበታል። ለመጫን የሚያስብ ሰው ኦፕን አይስካዚ (ሎንግሆርን ቮሊዩሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝበት ፕሮግራም) በየሰርቨሩ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዛችንን ከሎንግሆርን ያወጣነው በዚሁ የኔትወርክ ጫና ምክንያት ነው። ዳታቤዙ መረጃውን ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያባዛበት የራሱ መንገድ ስላለው፣ ከታች ደግሞ ሌላ ማባዣ መጨመር ድካም ብቻ ይሆናል፤ ለእርሱ የሰርቨሩን ዲስክ በሎካል ቮሊዩም (ከአንድ ሰርቨር ጋር በተያያዘ ቮሊዩም) ሰጥተነዋል። ብዙ ፖዶች በአንድ ጊዜ ለሚጽፉበት የሰነድ ክምችት ኤንኤፍኤስን (የአንድን ሰርቨር ፎልደር በኔትወርክ ለሌሎች የሚያጋራ ዘዴ) እንጠቀማለን፤ የያዘው ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም እንደሚቆም እያወቅን ነው። ሴፍ (መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ዲስክ ላይ የሚያከፋፍል የማከማቻ ሶፍትዌር) በኩበርኔቲስ ላይ ከሚያስተዳድረው ሩክ ጋር ከሁሉም የሰፋ ችሎታ አለው፤ ሆኖም ሴፍ በነባሪ አሠራሩ ለእያንዳንዱ ዲስክ 4 ጊጋባይት ያህል ራም ስለሚመድብ ለእኛ ማሽኖች ከበደ።

የትኛውም ቢመረጥ፣ የስቶሬጅ ክላሱ (ቮሊዩም እንዴት እንደሚፈጠር የሚወስነው ቅንብር) የሪክሌይም ፖሊሲ፣ ማለትም ቮሊዩሙ ሲለቀቅ መረጃው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ደንብ፣ ካልተቀየረ በስተቀር ነባሪው ዲሊት (ይሰረዝ) መሆኑ መታወቅ አለበት፤ አንድ ሰው መተግበሪያው ቮሊዩም የጠየቀበትን መዝገብ በስህተት ቢሰርዝ መረጃውም አብሮ ይሰረዛል። እኛ ሪቴይን (ይቆይ) አድርገነዋል። በክላስተሩ (በተያያዙት ሰርቨሮች) ውስጥ የሚቀመጥ ስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት የመረጃ ቅጂ) ከክላስተሩ ጋር ስለሚጠፋም፣ ባክአፑን በሌላ ሕንፃ ወዳለ ማሽን እንልካለን፤ በየወሩም አንዱን መልሰን ከፍተን መሥራቱን እናያለን።