ለክላሲክ መኪና የቱ ይሻላል፦ የመሪ መቆለፊያ ወይስ ድብቅ ማጥፊያ?

አብዛኞቹ ክላሲክ መኪኖች ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) የላቸውም። ሌባ የማስነሻውን ሽቦዎች ካገናኘ ሞተሩ ይነሳል።

የመሪ መቆለፊያ ርካሽ ነው፤ ከሩቅም ይታያል። ሌባው በመስኮት ሲያየው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ግን የድሮ መሪ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። በመጋዝ ከተቆረጠ መቆለፊያው ይወልቃል። ኦሪጅናል መሪ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያ በጣም ያሳዝናል።

ድብቅ ማጥፊያ ወደ ኮይሉ (ለሞተሩ ሻማዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደሚሰጠው ክፍል) የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል። ሌባው ማስነሻው ላይ ሽቦ ቢያገናኝም ሞተሩ አይነሳም። በነዳጅ ፓምፑ መስመር ከተገጠመ ግን ካርቡሬተር ውስጥ በቀረው ነዳጅ ትንሽ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እኔ የኮይሉን እመርጣለሁ። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ የላላ ሽቦ መንገድ ላይ ያስቀራል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

መኪናውን ጭኖ የሚወስድን ሌባ ሁለቱም አያስቆሙትም። ለዚያ ጂፒኤስ መከታተያ ይጨመር።