"አልገጥምልህም" ብሎ ለመለሰኝ መካኒክ

ይህን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ሁለት ወር አልፎኛል። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። መኪናዬ ጭነት ጭና፣ ረጅም መንገድ ሄዳ፣ ጭቃም ገብታ እስክትመለስ ልጠብቅ ብዬ ነበር። በሰላም ተመልሳለች። እንግዲህ ልጻፍ።

መኪናዬ ፎርድ ሬንጀር ፒካፕ ናት። ከፋብሪካ ይዛው ከመጣችው ወፈር ያለ ጎማ አስገባሁላት። አማረባት፣ ልክድ አልችልም። ችግሩ የኋላ ጎማዋ በውስጥ በኩል ባሌስትራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ በመካከላቸው ጣቴን ማስገባት አቃተኝ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ስፔሰር አድርግበት" አለኝ። ስፔሰር በሀቡና (ጎማው በቡለን በሚታሰርበት፣ አብሮት በሚዞረው ክፍል) በቸርኬው መካከል የሚገባ ወፍራም የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በቃ።

አንድ ወዳጄ ከሃይሉክሱ ላይ ያወረደው ባለ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ነበረው። አራቱንም ሰጠኝ። የሃይሉክስም የሬንጀርም ጎማ በ6 ቡለን ነው የሚታሰረው። ቡለኖቹ የተደረደሩበት ክብም እኩል ነው፣ 139.7 ሚሊ ሜትር። የቡለኑ ጥርስ ሳይቀር አንድ ነው። "ገባ ማለት ሆነ ማለት ነው" ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በአየር መፍቻ ጠር ጠር አድርገው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቁኝ። ፈጣን ናቸው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። 100 ላይ ወንበሩም ተከተለ። ባላንስ አሠራሁ። ሌላ ቦታ ሄጄ ደግሜ አሠራሁ። አላይመንትም አሳየሁ። ምንም ለውጥ የለም። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ነዳሁት፤ ቤተሰብ ጭኜም ጭምር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

በመጨረሻ ሰው ወደዚህ መካኒክ ላከኝ። ስሙን እንዳልጽፍ አስጠንቅቆኛል፤ "ሰው ይበዛብኛል፣ ሥራ ይበላሽብኛል" ይላል። እኔ ጋሼ ነው የምለው።

መኪናውን ሳይነካ በፊት "ስፔሰሩ የማን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። በክሪክ አንስቶ የፊቱን ጎማ አወረደና ስፔሰሩን ከሀቡ ጋር ወደሚያስሩት ዳዶዎች በጣቱ ጠቆመኝ። እነዚህ ዳዶዎች ጎማው ከታሰረ በኋላ ከቸርኬው ጀርባ ይደበቃሉ፣ ከውጭ ማንም አያያቸውም። "አዙረው" አለኝ። "በምን?" አልኩት። "በጣትህ።"

ከስድስቱ ሁለቱ በጣቴ ዞሩ።

ከዚያ ስፔሰሩን አውልቆ መልሶ ሀቡ ላይ አንጠለጠለውና ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰው። ቋ ቋ ይላል። በካሊፐር፣ በሚሊ ሜትር መለኪያው፣ ለካው። የሬንጀር ሀብ መሀሉ ላይ ያለው ክብ አንገት 93.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሃይሉክሱ ስፔሰር ቀዳዳ ደግሞ 106.1። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር፣ በየጎኑ ስድስት ተኩል። ስፔሰሩን መሀል ላይ የሚይዘው አንገት ምንም ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። ሾጣጣዎቹ ዳዶዎች ወደ መሀል ሊያመጡት ይሞክራሉ፤ ግን በአየር መፍቻ አንዱን እስከመጨረሻው ግጥም አድርጎ ወደ ሌላው ማለፍ ስፔሰሩን በተገኘበት ያስቀረዋል። በዚያ ላይ ሀቡ ዝገቱ ሳይጠረግ ነበር የተገጠመበት። ባላንስ የሚያደርጉት ጎማውን ለብቻው አውርደው ስለሆነ ይህ እዚያ ማሽን ላይ አይታይም።

"እሺ፣ አስተካክለህ ግጠምልኝ" አልኩት። "ይሄንን አልገጥምልህም" አለኝ። ተከራከርኩት። ሌላ ቦታ እወስደዋለሁም አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ። እሱ ክሪኩን አንስቶ ሰጠኝ። "ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዘው።" ያዝኩት። "አሁን እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ።" ዘረጋሁ። ብዙም ሳይቆይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ኩሽኔታህ እንደዚህ ነው የሚሆነው። ጎማው በራቀ ቁጥር ጭነቱ ይከብደዋል። አንተ ደግሞ የምትነዳው የጭነት መኪና ነው።" የመጀመሪያ ምክሩም ስፔሰር አልነበረም፤ ኦፍሴቱ ዝቅ ያለ ቸርኬ ግዛ የሚል ነበር። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሀቡ ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሀል ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የእኔ ሬንጀር ኦፍሴት 55 ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባበት 25 እንደሆነ ቸርኬ ይቆጠራል። ኩሽኔታው ላይ የሚመጣው ጫና በሁለቱም መንገድ ያው ነው። ቸርኬው የሚሻለው የተደበቀ ዳዶ ስለሌለው ነው።

አቅሜ ለቸርኬ አልደረሰም። መሀሉ በ93.1 የተበሳ፣ በውጭ በኩልም ቸርኬውን የሚሸከም እኩል አንገት ያለው፣ የራሱ ቡለን ያለው ስፔሰር አምጣ አለኝ። ቀጠን ያለ፣ 20 ወይም 25 ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቸርኬዬን ገልብጦ አየውና "ያንተ ጀርባው ደልዳላ ነው፣ ጎድጓዳ የለውም፤ የሀቡ ቡለን ከስፔሰሩ አልፎ ከወጣ ቸርኬው በደንብ አይተኛም" አለኝ። ቡለኑን እንቁረጠው የሚሉ እንዳሉ ነገርኩት። መልስ አልሰጠኝም።

ቡለን የሌለውን፣ ሮንዴላ መሳይ ጠፍጣፋውን ስፔሰር ለምትጠይቁኝም የሱን ልንገራችሁ። እሱ የሀቡን ቡለን ርዝመት ይሻማል፤ ዳዶው ደግሞ ቢያንስ የቡለኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት። ቡለኑ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ከሆነ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። ዳዶው በአራት ዙር ካለቀ ጎማው የታሰረ ይመስላል እንጂ አልታሰረም። ሁለት ስፔሰር መደራረብንማ አታንሱበት።

ትክክለኛውን ሳመጣለት ግማሽ ቀን ፈጀ። የሁሉንም ሀብ ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈተገ። ጥርሳቸው የተሳበ ሁለት የሀብ ቡለኖችን ቀየረ። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ተቃራኒ ተቃራኒውን እየመረጠ፣ በመጨረሻ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ፣ አጠበቀ። ልኩን ከመኪናው መጽሐፍ ላይ አንብቦ ነው፤ እኔም እንዳነብ አደረገኝ። መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን ጥግ አስይዞ ጎማው ፓራፋንጎ እንደማይነካ አየ። የአገራችሁ ሕግና ኢንሹራንስ ስፔሰር ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ይህንንም እሱ ነው ያስጠየቀኝ።

"ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተህ ተመለስ" አለኝ። ተመለስኩ። አራቱንም ጎማ አውርዶ 24ቱን የተደበቁ ዳዶዎች አንድ በአንድ ሞከራቸው። አንዱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ለዚህ ሥራ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

አሁን 100 ላይ መሪው ጸጥ ያለ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ግን አልልም። ጎማው ወደ ውጭ ስለወጣ ጭቃው በሩን እስከ መስታወት ይለቀልቀዋል። የጎማ ዱካ በሰራበት መንገድ ላይ መሪው ከበፊቱ ይበልጥ ይጎትታል። ይህንንም አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የቸኮለ ሰው ግን አይሂድ። ቀርፋፋ ነው፣ ይነጫነጫል፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የሀባችሁን ስፋት ነው። ለክታችሁ ደውሉ።