ሃንድብሬክን 8 ወር ሠራሁበት፦ የሠርግ ካሴት፣ ኢንኮደርና ፊልድ ኦርደር

ባህር ዳር ውስጥ የቆዩ የሠርግ ካሴቶችን ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። አብዛኞቹ ሚኒ ዲቪ የሚባሉት ትንንሽ ዲጂታል ካሴቶች ናቸው። ላለፉት 8 ወራት የመጨረሻውን ፋይል የማወጣው ቪዲዮ ወደ ሌላ ፎርማት በሚቀይር ፕሮግራም፣ በሃንድብሬክ ነው። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። እስካሁን ወደ 60 ካሴት ሠርቼበታለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ግን ፊልድ ኦርደር የሚባለውን ነገር ካላወቃችሁ ሥራችሁ ይበላሻል።

በእኛ አገር የሚገኘው የድሮ ካሴት በአብዛኛው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ነው፦ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። እያንዳንዱ ፍሬም ግን አንድ ፎቶ አይደለም። በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተቀረጹ ሁለት ግማሾች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰካክተው የተቀመጡበት ነው። ግማሾቹ ፊልድ ይባላሉ፤ በሰከንድ 50 ናቸው። የላይኛው ፊልድ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ጎዶሎዎቹን መስመሮች ይይዛል፤ የታችኛው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ ሙሉዎቹን። የትኛው እንደሚቀድም (ፊልድ ኦርደር ማለት ይህ ነው) ከተሳሳታችሁ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል። ዲቪ የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል። 1080 ኢንተርሌስ (እንዲሁ በፊልድ የተከፈለ ኤችዲ) የሚቀርጹት ካሜራዎች ደግሞ የላይኛውን። ሁለቱን አንድ ታይምላይን ላይ የቀላቀለ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል።

እኔን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። የልጃቸውን የ1992 ዓ.ም. ሠርግ አስረክቤያቸው በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ እስክስታ ስወርድ ትከሻዬን ምን አደረግኸው? ብርድ የያዘኝ እኮ ነው የምመስለው» አሉኝ። ሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን አየነው። እውነታቸውን ነው። ትከሻቸው ትንሽ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን ደህና ነው። እኔ ከመስጠቴ በፊት የፈተሽኩት ሙሽሮቹ የተቀመጡበትን ክፍል ብቻ ነበር።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሴቱ ከቪኤችኤስ የተገለበጠ ስለነበር ከምስሉ ግርጌ የተቀዳደደ ቀጭን ጭረት ነበረው። እሱን ለመደበቅ ኤዲት ሳደርግ ምስሉን 5 መስመር ወደ ታች አወረድኩት። 5 ጎዶሎ ቁጥር ነው። ምስሉ በጎዶሎ ቁጥር ሲወርድ የታችኛው ፊልድ የላይኛውን መስመሮች ይይዛል፤ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ፋይሉ ላይ ያለው ምልክት ግን አሁንም «የታችኛው ይቀድማል» ይላል። ሃንድብሬክ ደግሞ ምልክቱን አምኖ ነው የሚሠራው። 4 ወይም 6 ባወርደው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ሬንደር ከማድረጌ በፊት ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን 20 ሰከንድ ቆርጬ እሞክራለሁ። ባለፈው ወደ ዘጌ ከሚሄድ ጀልባ ላይ የተቀረጸ ካሴት መጣልኝ። አንድ ታንኳ ቀዛፊ አለበት። ሃንድብሬክ ውስጥ ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ፍሬም የሚቀይረው ያዲፍ የሚባል ማጣሪያ ላይ ቦብ የሚለውን መርጬ 50ውንም ፊልድ ሙሉ ፍሬም አደረግኩና አንድ በአንድ አየሁት። መቅዘፊያው ውሃው ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ልክ ነው። ከተመላለሰ ፓሪቲውን (የትኛው ፊልድ እንደሚቀድም የሚነግረውን ቅንብር) በእጄ እገለብጠዋለሁ። ተዘጋጅተው ከሚመጡት ቅንብሮች (ፕሪሴቶች) ብዙዎቹ ፍሬም ሬቱን 30 ላይ ይገድቡታል። ለፓል ካሴት 50 አድርጉት፤ አለዚያ የደከማችሁበት ቅልጥፍና ይጠፋል።

ኢንኮደርን (ቪዲዮውን የሚያምቀውን ክፍል) በተመለከተ ብዙ ተከራክሬበታለሁ። የቪዲዮ ካርዱ ኢንኮደር በጣም ፈጣን ነው። ነገር ግን ፋይሉ እኩል መጠን ሲኖረው ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር በስሎው (በዝግታ) ቅንብር የሚያወጣው ምስል ይበልጥብኛል፤ በተለይ ጨለም ባለ አዳራሽ ውስጥ የምስሉ ነጠብጣብ በበዛበት ቦታ። ኤች.265 የሚባለው አዲስ የማመቂያ ዘዴ ፋይሉን ያሳንሳል፣ ግን የደንበኞቼ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ አያነቡትም። ስለዚህ ለሰው የምሰጠው በኤክስ264፣ አርኤፍ የሚባለውን የጥራት ቅንብር 18 አድርጌ ነው። የአንድ ሰዓት ዲቪ ወደ 13 ጊጋ ይይዛል፤ በዚህ አሠራር ብዙውን ጊዜ ከ2 ጊጋ ብዙም አያልፍም። ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዲቪ ግን በፍጹም አላጠፋም። በኋላ ስህተት ቢገኝ የምመለሰው ወደ እሱ ነው።

የሚጎድለውም አለ። ሃንድብሬክ ኤዲት አያደርግም። ቪዲዮውን እንደገና ኢንኮድ ሳያደርግ የፋይሉን ዓይነት ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 ብቻ መቀየርም አይችልም፤ ለዚያ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ሌላ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ይህ እኛ ጋ ይበልጥ ይሰማል። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከደረሰበት ይታያል፤ የት ጋ እንደቆመ አውቄ የቀረውን ብቻ እቀጥላለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማወጣው በኤምኬቪ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ላፕቶፑን ስለሚያስጨንቀው ረጃጅሙን ሥራ ለሌሊት አቆየዋለሁ።

የእኚያን እናት ልጅ ሠርግ ምስሉን 6 መስመር አውርጄ እንደገና ሠራሁትና እቤታቸው ወስጄ ሰካሁላቸው። እስክስታው ሲመጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። እስኪያልቅ አልተናገሩም። ከዚያ «እሰይ፣ እንዲህ ነበር የምወርደው» አሉና ከመጀመሪያው እንድመልሰው ጠየቁኝ።