የባሕር ምግብ ሾርባ ለብርድ ቀን፦ በክሬም ወይስ በወተትና በዱቄት?

ብርድ ሲጠና፣ ዓሣና ሽሪምፕ ያለበትን ወፍራም ነጭ ሾርባ የሚያህል ነገር የለም። ልዩነቱ ማወፈሪያው ላይ ነው።

ክሬም ቀላል ነው። ወፍራሙ ዓይነት ቅባቱ 36 በመቶ ገደማ ስለሆነ እሳት ቢበረታበትም ቶሎ አይቋጠርም። ሽንኩርቱና ድንቹ በዓሣ አጥንት መረቅ ከበሰሉ በኋላ ጨምሮ ማማሰል ብቻ ነው። ግን የዓሣውን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ግማሽ ሳሕን ሳይበላም ያጠግባል።

እኔ የምመርጠው ወተትና ዱቄቱን ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጣችሁ በዚያው ልክ ዱቄት ነስንሱበት። ሳይጠቁር፣ ጥሬ ሽታው እስኪለቀው 2 ደቂቃ ያህል አማስሉት። ከዚያ 2 ኩባያ ወተት በትንሽ በትንሹ። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይጓጉላል፤ አትደንግጡ። ማማሰሉን ካላቋረጣችሁ ይለሰልሳል፤ የማማሰያውን ጀርባ በስሱ ሲያለብስ ደርሷል። ይህን ከመረቁ ጋር ስታዋህዱት የባሕሩ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ዱቄቱ ወተቱን ከመቋጠር ይጠብቀዋል፣ ሎሚ ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን።

በሁለቱም መንገድ የባሕር ምግቡ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሳቱም ዝግ ይበል። ዓሣው በሹካ ሲነካ ከተላቀቀ ይበቃዋል። ሽሪምፑ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው የሚፈልገው፤ ቀልቶ ሲታጠፍ አውጡት፣ ከቆየ እንደ ጎማ ይሆናል።

ለነገ የሚተርፍ ከሆነ ግን ክሬሙ ይሻላል። የዱቄቱ ሲያድር ይጠጥራል፤ ስታሞቁት ወተት ጠብ አድርጉበት።