ለአባባ ታብሌት ወይስ ገበጣ?

አባባ 74 ዓመታቸው ነው። ስም መርሳት ሲያበዙ እህቴ «ታብሌት እንግዛላቸውና የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም ይጫወቱበት» አለች። እኔ ገበጣ አልኩ። ተከራክረን ተከራክረን ሁለቱንም ገዛን።

ከጌሞቹ ስማቸው የገነነው ሉሞሲቲና ብሬይን ኤችኪው ናቸው። የሉሞሲቲ ባለቤት ድርጅት ጌሙ የመርሳት ችግርን ይከላከላል እያለ ያስተዋውቅ ስለነበር ተከሶ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 2 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ብሬይን ኤችኪው ውስጥ ግን ደህና ማስረጃ ያለው አንድ ልምምድ አለ። መሐል ላይ መኪና፣ ዳር ላይ የመንገድ ምልክት ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ የትኛው መኪና ነበር፣ ምልክቱስ የት ነበር ይላችኋል። አሜሪካ ውስጥ 2,832 አረጋውያንን ባሳተፈ ጥናት፣ እንዲህ ያለ የፍጥነት ልምምድ የሠሩት ከ10 ዓመት በኋላም በዚያው ችሎታ ካልሠሩት ይበልጡ ነበር። የማስታወስ ሥልጠና የወሰዱት ግን ያገኙት ብልጫ እስከዚያ አልዘለቀም። ስለዚህ ስም ለማስታወስ ብላችሁ አትክፈሉ።

ሌላው ጣጣ ኑሯችን ነው። ሁለቱም አማርኛ የላቸውም፣ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። አባባ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን «ምንም አይታየኝም» እያሉ ይበሳጩ ነበር። መነጽራቸው አርጅቶ ኖሯል! አዲስ ስናሠራላቸው ውጤታቸው በሳምንቱ ተመነደገ፤ እህቴም ጌሙን ማመስገን ጀመረች። እናንተ ከሁሉ በፊት ዓይንና ጆሯቸውን አስመርምሩ።

ገበጣው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ነው። አባባ ጠጠር ከማንሳታቸው በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። ጎረቤታችን ጋሼ ከሰዓት ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ «አጭበረበርከኝ!» ይጀመራል። ታብሌቱ ይህን አያመጣም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒው ዮርክ ጥናት፣ ከ75 ዓመት በላይ ከሆናቸው 469 ሰዎች መካከል ካርታና ዳማ መሰል ጨዋታ የሚያዘወትሩት የመርሳት በሽታ ያገኛቸው በጥቂቱ እንደሆነ አይቷል። እርግጥ ቀድሞውኑ ጭንቅላቱ ደህና የሆነ ሰው ነው የሚጫወተው ማለትም ይቻላል።

ገንዘብ ካጠረ ዳማ አለ፤ ካርቶንና የቢራ ቆርኪ ይበቃል። ከሁሉ የሚረክሰው ግን በጣና ዳር ወክ ማድረግ ነው። ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ የተራመዱ አረጋውያን፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ገደማ መጨመሩን በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ውሰዷቸው።

እኔ ብሆን ገበጣውን ገዝቼ፣ ታብሌቱ የሚበላውን ብር ለመነጽር አውለው ነበር። ገበጣ ስትመርጡ ጉድጓዱን ልብ በሉ። የእኛ የመጀመሪያው ጠባብና ጥልቅ ስለነበር የአባባ ጣት ጠጠሩን ማውጣት አቅቶት መለስነው። ሰፋ ያለ፣ ጎድጎድ ያለ ሳህን የሚመስለው ይሻላል።