ሴፍቲኔት በወሎ፦ ብሩ በቀኑ ሲደርስና ሲዘገይ

የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም፣ በሰዉ አፍ «ሴፍቲኔት» የሚባለው፣ በየዓመቱ ቀለብ ለሚያጥረው ድሃ ቤተሰብ ብር ወይም እህል የሚሰጥ ድጋፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ነበር። በ2000 ወደ 8፣ በ2002 ወደ 10 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ተቀይሯል። ብሩ ቢቀያየርም ዋናው መለኪያ ይህ ነው፦ የአንድ ቀን ክፍያ በአካባቢው ገበያ 3 ኪሎ እህል መግዛት አለበት። ሴፍቲኔትን እንደ አገልግሎት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አይገኝም። 3 ኪሎውን ገዛ ወይስ አልገዛም? በቀኑ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። በቀኑ ሲከፈል ሴፍቲኔት ለወሎ ድሃ ገበሬ ቤት ትልቅ ምሰሶ ነው። ሲዘገይ ግን ጥቅሙ ለአበዳሪ ይተርፋል። የብሩ ማነስ ያማል፤ የመዘግየቱን ያህል ግን ቤት አያፈርስም።

ወሎ ይህን የሚያውቀው በመከራ ነው። በ1966ም በ1977ም እህል የመጣው ሰዉ በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ መንገድ ዳር ከወጣ በኋላ ነበር። ሴፍቲኔት የተነሳበት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ በየዓመቱ እንደሚመጣ የሚታወቅ ችግር እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ድጋፉ አስቀድሞ በወሩ ይሰጣል። ለመግባት ዋናው መስፈርት ቤተሰቡ ባለፉት ዓመታት በተከታታይ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚሆን ቀለብ ያጣ መሆኑ ነው። ጉልበት ያለው በልማት ሥራ ተሰማርቶ ለስድስት ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ፣ ይከፈለዋል። ጉልበት የሌለው አረጋዊ፣ ሕመምተኛና አካል ጉዳተኛ ሳይሠራ በ«ቀጥታ ድጋፍ» ይታቀፋል።

ሒሳቡን ማወቅ ለተጠቃሚው ከምንም በላይ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። 5 ቀን በ3 ኪሎ 15 ኪሎ እህል ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን፣ 75 ኪሎ ይደርሰዋል። አሁን ለምሳሌ ያህል ጥር ላይ ማሽላ ኪሎው 40 ብር ነበር እንበል። የቀን ሒሳቡ 120 ብር፣ የቤተሰቡ የወር ክፍያ 3,000 ብር ይሆናል። ሰኔ ሲደርስ ማሽላው 60 ብር ቢገባ ያው 3,000 ብር 50 ኪሎ ብቻ ይገዛል። 25 ኪሎው ማንም ሳይሰርቀው ጠፋ። ሒሳቡ የሚተመነው በዓመት አንድ ጊዜ፣ እህል በረከሰበት ወቅት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዘይትና የሳሙናው ዋጋም አብሮ ተጨምሮበታል። በአንዳንድ ወረዳ የመጀመሪያዎቹ ወራት በብር፣ የኋለኞቹ በእህል የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ አሠራሩ ልክ ነው፣ እህሉ በሰዓቱ እስከደረሰ ድረስ።

አንድ የክፍያ ቀን ማታ ብሩ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። መጀመሪያ የሚነሳው የእህሉ ነው። ከእህሉ ጋር የወፍጮ ይነሳል፤ ይህን ብዙ እቅድ አውጪ ይረሳዋል፣ ያልተፈጨ ማሽላ ግን እራት አይሆንም። ቀጥሎ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር። ከዚያ የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ መዋጮ፤ በወሎ ከቅሬ የቀረ ሰው ቀባሪ የለውምና እናት ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ ትከፍላለች። የሱቅ ዱቤ ካለ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ብር የለም። ጥቅሙ የሚታየው ሳይሸጥ በቀረው ነገር ነው፦ በሚያዝያ ሳትሸጥ የቀረች እርጉዝ በግ፣ ገና ሳይደርስ ያልተቆረጠ ባሕር ዛፍ፣ ለእኩል ያልተሰጠ ማሳ፣ ትምህርት አቋርጣ ወደ አረብ አገር ያልሄደች ልጅ። በጓ ሐምሌ ላይ ወልዳ ግልገሉ ለቀጣዩ ዓመት ሲደርስ፣ ያ 3,000 ብር ከዋጋው በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ገንዘቡን ሚስት ስትይዘው ወደ ምጣድና ወደ ደብተር የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ካርዱ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ መኖሩ ስለዚህ ተራ ወረቀት አይደለም።

ስለ መዘግየት ስናነሳ አንዳንዱ «ሐምሌ ቢመጣስ ምናለ፣ የቸገረን ያኔ አይደል?» ይላል። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በቆላው፣ በራያ ቆቦ፣ በሀብሩ፣ በቃሉ፣ ማሽላ እስኪደርስ ድረስ ክረምቱና መስከረም ክፉ ናቸው። ግን የሚያዝያው ብር ሐምሌ እስኪመጣ ቤቱ ሳይበላ አልቆየም። ተበድሯል። የብድሩ ዓይነትም ጨካኝ ነው፦ እህል ውድ በሆነበት ወር በብር ተበድሮ፣ በታኅሣሥ እህል ሲረክስ በእህል መመለስ። በ60 ብር ሒሳብ 3,000 ብር ሲበደር የወሰደው የ50 ኪሎ ዋጋ ነበር፤ በ40 ብር ሒሳብ በእህል ሲመልስ ግን ወለዱን ሳንጨምር 75 ኪሎ ይሰፍራል። ዘግይቶ የመጣው ክፍያም እህል ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ በተወደደበት ወር ገበያ ይወጣል። ስለዚህ የሦስት ወር ክፍያ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ሲሰጥ ደስ ቢልም፣ ወር በወር ከመጣው ጋር እኩል አይደለም። ተጠቃሚው የሚከፈልበትን ቀን ካወቀ ባለሱቁም ያውቀዋል፤ ያለ ወለድ ዱቤ የሚሰጠው ለዚያ ቤት ነው።

ሌላው ብዙ ያልተወራለት ችግር የሥራው ወቅት ነው። በደጋው፣ በደላንታ፣ በመቄት፣ በዋድላ፣ በለጋምቦ በልግ የሚታረስበት ሰፊ አካባቢ አለ። በልግ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይዘራል። የሴፍቲኔት ሥራም በዚሁ ወቅት ነው። ዝናቡ ሁለት ቀን ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ገበሬው ማረስ አለበት፤ ውርጭ በሚያሰጋው ደጋ ሳምንት የዘገየ ገብስ ዋጋ ያስከፍላል። በዚያው ሳምንት ስም ጥሪ ላይ ካልተገኘ ቀኑ ይቆረጥበታል። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም፦ የቀበሌው ግብርና ባለሙያና የቡድን መሪው የወሩን ቀኖች ቀድመው ማሠራት ወይም ዘር እስኪያልቅ ማሸጋገር ይችላሉ። ይህን በጥር ስብሰባ ላይ አንስቶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ መጋቢት ላይ ቢነሳ ሰሚ አያገኝም።

የአባላት ቅነሳ ግን እንደ ቀላል የሚታለፍ ጥፋት አይደለም። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ሦስት ብቻ ተመዝግቦ ይገኛል። ምክንያቱ አንዳንዴ ክፋት ሳይሆን ርኅራኄ ነው፤ ኮታው ትንሽ፣ ችግረኛው ብዙ ሲሆን ኮሚቴው «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ» ይላል። የወሎ ሰው ተካፍሎ መብላት ስለሚያውቅ ነገሩ ትክክል ይመስላል። ውጤቱ ግን ማንንም አያሻግርም፤ 45 ኪሎ ለስድስት ሰው ከሆነ አንድ ሰው በቀን ሩብ ኪሎ ይደርሰዋል፣ በጓም ትሸጣለች። ተጠቃሚው ማጣራት የሚችለው እንዲህ ነው፦ የተከፈለውን ብር ለቀን ሒሳቡ ያካፍል፣ የተገኘውን ቀን ለ5 ያካፍል። 1,800 ብር በ120 ሲካፈል 15 ቀን፣ በ5 ሲካፈል 3 ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ካለ ሁለቱ የት ሄዱ ብሎ መጠየቅ መብት ነው። የተረጋገጠው የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ፊት መነበብ አለበት፤ ቅሬታ ሲኖር መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ካልሆነ ወደ ወረዳ ነው። ቅሬታውን በቃል ብቻ ትቶ መሄድ አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀንና የተቀበለው ሰው ፊርማ ይኑረው።

ከሥራው ጫና ጋር የተያያዘ አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዲሠራ አይገደድም። አራት ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ሴት የቤተሰቧን 25 ቀን ብቻዋን ልትሸፍን አትችልም፤ የቀረው ቀን ሳይሠራ እንዲታሰብላት መጠየቅ ይገባታል። ነፍሰ ጡርም እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠ ከሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፣ ቢያንስ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ የጻፈችው ማስረጃ ለግብርናው ሳይደርስ ይቀርና ሴትዮዋ በስድስተኛ ወሯ ድንጋይ ስትሸከም ትገኛለች። ወረቀቱን በእጅ ወስዶ መስጠት፣ ቅጂውንም ከካርዱ ጋር ማስቀመጥ ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ ከጥሬ ብር ወደ ሒሳብ ደብተርና ወደ ስልክ መሸጋገሩ በአመዛኙ ጥሩ ነው። ለሰልፍና ለመንገድ የሚባክነው ቀን ቀንሷል፣ በክፍያ ጠረጴዛ ላይ «ለማዳበሪያ ዕዳ»፣ «ለመዋጮ» እየተባለ መቁረጥም ከብዷል። ከተጠቃሚ ክፍያ ላይ እንዲህ ያለ ቅነሳ ማድረግ አይፈቀድም፤ ማንም ቢጠይቅ። አዲሱ አደጋ የሚስጥር ቁጥር ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ቁጥሩን ለክፍያ ወኪሉ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይነግራሉ፤ ከዚያ በኋላ 3,000 ገብቶ 2,800 ቢወጣ ማስረጃ የለም። ቁጥሩን ከቤት ውስጥ አንድ የታመነ ሰው ብቻ ይወቀው፣ በስልክ የመጣው የክፍያ መልእክት ሳይነበብም ብር አይቆጠር። ወኪሉ «ዛሬ ብር የለኝም፣ ግማሹን ውሰጂ» ሲል ቀሪው በሒሳቡ ላይ እንዳለ አይቶ መሄድ ነው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ባንኮች ተዘግተው ስለነበር፣ የሒሳብ ደብተርና ካርድ ያለበትን ቦታ ለቤተሰቡ ሁሉ ማሳወቅም ጥሩ ነው።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የምናመሰግነው ቀጥታ ድጋፉን ነው። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌ በቀያቸው፣ በመስጊዳቸው ወይም በቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ ሳይለምኑ እንዲኖሩ አድርጓል። ከማኅበረሰብ ጤና መድን ጋር ሲያያዝ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ተሁለደሬ መድኑ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። መክፈል የማይችለው መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈንለት በቀበሌ ይመዘገባል። ይህ ካልተደረገ አንድ የሳንባ ምች የሁለት ወር ቀለብ ይዞ ይሄዳል።

የልማት ሥራው በየቦታው ይለያያል። መሠረቱ ሳይቆፈር የተደረደረ የድንጋይ እርከን፣ ጎርፉ የሚወጣበት ቦይ ካልተቀየሰለት፣ የሐምሌን ዝናብ አይችልም። ከብት እንዳይገባበት የተጠበቀ ተራራ ግን ሣሩ እየታጨደ ለተጠቃሚው ሲከፋፈል የበጓን መኖ ይሸፍናል።

የቀረው «ምርቃት» የሚባለው ነው። ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ ሊኖር ይችላል ተብሎ ከመዝገብ ሲወጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ በኮታ መመረቅን አጥብቀን እንቃወማለን። ሁለት ፍየልና አንድ የደህና ዓመት ምርት ያለው ቤት ተመርቆ፣ በሚቀጥለው ዓመት በልግ ሲቀር ፍየሎቹን ሸጦ ተመልሶ ቀበሌ ደጅ ይቆማል። የሚመዘነው ሰው በግምገማው ቀን ያሉትን ከብቶች ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም፣ በብድር የተገዛውንም ነገር ያስቆጥር፤ ገምጋሚው ብዙ ጊዜ በረት ውስጥ ያለውን እንጂ የባለሱቁን መዝገብ አይጠይቅም። የተመዘገበው ንብረት ሲነበብለት የእሱ ያልሆነ ካለ፣ የአደራ በግ ወይም የእህት ላም፣ እዚያው ያሰርዝ። አንድ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ በቅሬታ ለመመለስ ወራት ይፈጃል፣ የጥር ወር ክፍያም አይጠብቀውም።